በትንሽ የኪስ ካሜራ ባክግራውንዱ ብዥ ያለ የሰው ፎቶ ማንሳት

ትንሽ ካሜራ ይዞ ባክግራውንዱ ብዥ ያለ ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ይህ ይገጥመዋል። ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳም እኩል ጥርት ይላል፤ የተላጠው ቀለም ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። ምክር ሲጠይቅ አንዱ «ለዚህማ ትልቅ ካሜራ ግዛ» ይለዋል፤ ሌላው «ኤፍ ቁጥሩን (የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠበውንና የሚያሰፋውን ቁጥር) ዝቅ አድርገው» ይለዋል። የመጀመሪያው ምክር ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ተስፋ ያስቆርጣል። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ እኔን ግን ከአንድ ዓመት በላይ አሳስቶኛል።

የያዝኩት ካሜራ ያለ ዙም ኤፍ 1.8፣ በሙሉ ዙም ደግሞ ኤፍ 2.8 ነበር። ዝቅ ያለ ቁጥር ይሻላል ስለተባልኩ ዙሙን ሳልነካ ሰው ፊት ድረስ ተጠግቼ አነሳ ነበር። አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ባክግራውንዱ ግን ትንሽ ለስለስ ከማለት አያልፍም። አንድ ቀን ዙሙን እስከ ጫፍ ወስጄ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ያንኑ ሰው ድጋሚ አነሳሁት። ቁጥሩ 2.8 ነው፤ በሰማሁት ምክር መሠረት ብዥታው መቀነስ ነበረበት። ከኋላው የነበሩት ቅጠሎች ግን ቀልጠው አረንጓዴ ክቦች ሆኑ። ምክንያቱን ለማወቅ የተነሳሁት ያኔ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳውም ከዚያው ነው።

ቁጥሩን ትታችሁ ቀዳዳውን ለኩ

ባክግራውንድን ብዥ የሚያደርገው ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ኤፍ ቁጥር ደግሞ የሌንሱ የትኩረት ርቀት (ፎካል ሌንግዝ፤ በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ ዙም ሲሳብ የሚረዝም) ለዚያ ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይነግራችሁም። ለማወቅ የትኩረት ርቀቱን ለኤፍ ቁጥሩ ማካፈል ነው።

የካሜራችሁን ሌንስ ፊት ለፊት ተመልከቱት። ዙሪያውን ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ለምሳሌ በሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 3 ላይ 8.8–25.7 እና 1.8–2.8 የሚሉ። 8.8ን ለ1.8 ስታካፍሉ 4.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 25.7ን ለ2.8 ስታካፍሉ 9.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቁጥሩ የባሰበት ጫፍ ቀዳዳው በእጥፍ ሊጠጋ የሚሰፋበት ጫፍ ነው። በካኖን ጂ7 ኤክስ 36.8 ለ2.8 ሲካፈል 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በጣም ጎልቶ የሚታየው ዙማቸው 30 እጥፍ በሚደርስ ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ነው። ሌንሱ 4.3–129፣ ኤፍ ቁጥሩ 3.3–6.4 ከሆነ ያለ ዙም ቀዳዳው 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሙሉ ዙም 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አለ፤ ብዙ ሰው ይሠራዋል። ካርቶኑ ላይ ወይም ማስታወቂያው ላይ «24–70» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ለማነጻጸሪያ የተሰላ ነው እንጂ የሌንሱ እውነተኛ የትኩረት ርቀት አይደለም። 70ን ለ2.8 ብታካፍሉ 25 ሚሊ ሜትር ይመጣላችኋል፤ ካሜራው የሌለው ቀዳዳ ነው። የምታካፍሉት ሌንሱ ላይ የታተመውን ቁጥር ነው።

ይህ ሚሊ ሜትር ፎቶው ላይ ምን ይመስላል? ከሰውየው ኋላ በጣም ርቆ የሚገኝ የአንድ መብራት ነጥብ በፎቶው ላይ ክብ ሆኖ ይወጣል። ያንን ክብ አንስታችሁ በዚያው ፎቶ ላይ የሰውየው ፊት ላይ ብትለጥፉት ስፋቱ የሌንሱን ቀዳዳ ያህል ነው። የዓይናችን ባለቀለም ክብ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እንግዲህ በ4.9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚወጣው የብዥታ ክብ የዓይኑን ክብ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ13 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፈዋል። ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ያለው ካሜራ ላይ የሚገጠም 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ 28 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፤ ክቡ ከዓይን ጫፍ እስከ ጫፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። የትልቁ ካሜራ ብልጫ ይኸው ነው። ሴንሰሩ ትልቅ ሲሆን ያንኑ የሰው ፎቶ ለመያዝ ረዘም ያለ ሌንስ ይጠይቃል፤ ረዘም ያለ ሌንስ ደግሞ በዚያው ኤፍ ቁጥር ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው። «ባለ 1 ኢንች» የሚባለው የኮምፓክት (የኪስ) ካሜራ ሴንሰር እንኳ በእውነተኛ ልኬቱ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የትልቁ 36 በ24 ነው።

ቀዳዳውን ማስፋት አንችልም። ያለውን ሙሉ በሙሉ መጠቀም ግን እንችላለን፤ አብዛኛው ሰው ግማሹንም አይጠቀምበትም።

ደረጃ 1፦ ካሜራውን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ዲጂታል ዙሙን አጥፉት። ዲጂታል ዙም ምስሉን ቆርጦ ያሳድጋል እንጂ ቀዳዳውን በአንድ ፀጉር አያሰፋም። ከዚያ ላይኛውን መዞሪያ ቁልፍ «ኤ» ወይም «ኤቪ» የሚለው ፊደል ላይ አድርጉት። አሁን ኤፍ ቁጥሩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ርዝመት፣ ካሜራው ይመርጣል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ አስቀድማችሁ ዙሙን ወደፈለጋችሁት ቦታ ውሰዱ፣ ቀጥሎ ኤፍ ቁጥሩን ሌንሱ በዚያ ዙም እስከሚፈቅደው ዝቅተኛ ድረስ አውርዱት። ዙሙ ሲንቀሳቀስ ዝቅተኛው ቁጥር ስለሚለዋወጥ በተቃራኒው ብትሠሩ ድካም ነው።

«ኤ» የሌለው ካሜራ ከያዛችሁ አትዘኑ። የሰው ጭንቅላት ምስል ያለበትን የፖርትሬት ሞድ ምረጡ፣ ዙሙን ሳቡ። ከሥራው አብዛኛውን የሚሠራው ዙሙ ነው። የአበባ ምስል ያለበት ማክሮ ሞድ ግን ለሰው ፊት አይሆንም፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ በደንብ የሚሠራው ያለ ዙም ስለሆነ መልሶ አፍንጫ ወደ ማሳበጥ ይወስዳችኋል።

ዙሙ 30 እጥፍ የሆነ ካሜራ ያላችሁ ሙሉውን መሳብ ግዴታ አይደለም። በሙሉ ዙም ፊትና ትከሻ ብቻ ለመያዝ ከሰውየው ወደ 12 ሜትር መራቅ አለባችሁ። በዚያ ርቀት ንግግር ወደ ጩኸት ይለወጣል፣ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ፎቶው ይበላሻል፣ ኤፍ 6.4 ደግሞ ብርሃን ይሠስታል። ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚያቆማችሁን የዙም መጠን ፈልጉ። ከሰውየው ጋር እያወራችሁ ማንሳት ከተጨማሪ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዥታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ፊቱ ላይ የሚታየው መዝናናት ነው ፎቶውን ፎቶ የሚያደርገው።

ደረጃ 2፦ ሰውየውን ከጀርባው ማላቀቅ

ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ምንም ቁልፍ አያስነካም።

ከላይ የተናገርኩት የቀዳዳው ሙሉ ስፋት የሚገኘው ባክግራውንዱ በጣም ሩቅ ሲሆን ነው። ቅርብ ከሆነ የምታገኙት ከዚያ ላይ ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው የሚታወቀው ከሰውየው እስከ ባክግራውንዱ ያለውን ርቀት፣ ከካሜራው እስከ ባክግራውንዱ ላለው ጠቅላላ ርቀት በማካፈል ነው። በቃል ለመያዝ እንዲመች፦ ባክግራውንዱ ከሰውየው ኋላ የሚርቀው እናንተ ከሰውየው የራቃችሁትን ያህል ከሆነ ግማሹን ታገኛላችሁ። ሦስት እጥፍ ከሆነ ሦስት አራተኛውን። ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ ዘጠና ከመቶውን። ከሦስት እጥፍ በኋላ የሚጨመረው እየቀነሰ ስለሚሄድ እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ሦስት እጥፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተገኘ እሰየው።

የእህቴን ልጅ ያነሳሁበትን ልንገራችሁ። ቅጠል የወረሰው አጥር አለ፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ፎቶ ሲባል ሄዶ አጥር ላይ ይለጠፋል። እኔ 1.2 ሜትር ርቄ በሙሉ ዙም፣ በኤፍ 2.8 አነሳኋት። አጥሩ ከኋላዋ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። 30ን ለ150 ስታካፍሉ ከቀዳዳው አንድ አምስተኛ ይደርሳችኋል፤ ከ9.2 ላይ 1.8 ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ይለያል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ከጆሮዋ የበቀለ ይመስላል። «ወደ እኔ ነይ» እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ አጥሩ ከኋላዋ 3.6 ሜትር እስኪርቅ ድረስ። በመካከላችን ያለው ርቀት ያው 1.2 ሜትር ነው። ካሜራው አልተቀየረም፣ ዙሙ አልተነካም፣ ኤፍ ቁጥሩ አልተነካም። ብዥታው ግን ወደ 6.9 ሚሊ ሜትር አደገ፤ አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ቅርንጫፉ ጠፋ። ቅጠሎቹ መሐል የሚያልፈው ፀሐይ ብቻ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሯን ከበበው።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ አስቀድማችሁ የምትፈልጉት ጥልቀት ይሁን። ረጅም ኮሪደር፣ በዛፍ መካከል የሚያልፍ መንገድ፣ ክፍት በር የሚታይበት ክፍል ሁሉ ይሆናል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ሰውየውን በአንዱ ማዕዘን አቁማችሁ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን አንሱ፤ ክፍሉ ያለው ረጅሙ ርቀት እሱ ነውና።

ቁመታችሁንም ተጠቀሙበት። ቆማችሁ የተቀመጠ ሰው ወይም ልጅ ከላይ ወደ ታች ስታነሱ ባክግራውንድ የሚሆነው እግሩ ሥር ያለው መሬት ነው፤ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። ተንበርከኩና ሌንሱን ከዓይኑ ጋር አስተካክሉት፤ ወዲያው ከኋላው ሃያ ሠላሳ ሜትር የሚርቅ ዛፍ ወይም ሰማይ ይገባላችኋል።

የባክግራውንዱ ዓይነትም ከርቀቱ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። ትንሽ ካሜራ የሚሰጠን ብዥታ የተወሰነ ስለሆነ፣ በትንሽ ብዥታ የሚሟሟ ነገር መምረጥ አለብን። ቅጠል፣ ሣር፣ ሩቅ ያለ የመብራት ነጥብ፣ ጥላ የወደቀበት ቦታ በቀላሉ ይሟሟሉ። ፊደል ግን ቢደበዝዝም ይነበባል፤ ዓይን ያውቀዋልና እየተጎተተ ወደዚያ ይሄዳል። የመስኮት ፍርግርግ፣ ምሰሶ፣ ነጭና ጥቁር መስመር እንዲሁ ናቸው። ፎቶ አንሺዎች ይህን ብዥታ «ቦኬ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከጃፓንኛ ነው። ያማረ ቦኬ የሚባለው ደግሞ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ልስላሴውም ነው። ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በሽፋሽፍታችሁ መሐል ባክግራውንዱን እዩት። እንዲያም ሆኖ ጎልቶ የሚታያችሁ ነገር ፎቶው ላይም አይጠፋም፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብላችሁ ከሰውየው ትከሻ ጀርባ ደብቁት።

ደረጃ 3፦ ፍሬሙን ማጥበብ

ብዥታው በፊት ልክ የሚለካ ከሆነ ፊቱ በፎቶው ውስጥ በሰፋ ቁጥር ብዥታውም አብሮት ይሰፋል። ያው 9.2 ሚሊ ሜትር፣ ፎቶው ከላይ እስከ ታች 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲይዝ፣ ማለትም ፊትና ትከሻ፣ የቁመቱን 1.5 ከመቶ ይሆናል። ሙሉ ቁመት ለማንሳት ፍሬሙን 2 ሜትር ብታደርጉት 0.46 ከመቶ ይወርዳል። በኮምፓክት ካሜራ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አንስቶ ባክግራውንድ ማቅለጥ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ካሜራውን በቁመት ያዙ፣ ከደረት በላይ አንሱ።

ደረጃ 4፦ ፎከስ ዓይን ላይ

ካሜራው ፎከስ የሚያደርግበትን ቦታ ራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት አንዳንዴ ፊቱን ትቶ ከኋላ ያለውን ደማቅ ነገር ይይዛል። የፊት መለያ ካለው አብሩት፤ ከሌለው አንዷን የፎከስ ነጥብ መርጣችሁ ለእናንተ ቅርብ የሆነው ዓይን ላይ አሳርፏት፣ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫኑ፣ አረንጓዴው ምልክት ሲመጣ ጨርሱት።

በዚህ በኩል ትንሿ ካሜራ ለእናንተ ታደላለች። ቅድም ባነሳሁት ምሳሌ፣ በ1.2 ሜትር ርቀትና በኤፍ 2.8፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖች በምቾት ይገቡበታል። በትልቅ ካሜራ አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው የሚደበዝዝባቸውን ፎቶዎች ያየ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል።

ደረጃ 5፦ ብርሃኑ

ፍላሹን አጥፉ። ከፊት የሚተኮሰው ብርሃን ፊቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ቅርብ ያለ ግድግዳ ላይም ጥላ ይጥላል።

ቀትር ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 125 እና በኤፍ 2.8 ለማንሳት የሹተር ፍጥነቱ 1/4000 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት፤ ብዙ ኮምፓክት ካሜራዎች ደግሞ በሜካኒካል ሹተራቸው ከ1/2000 አያልፉም። ውጤቱ የነጣ ፊት ነው፤ አለዚያ ካሜራው ቀዳዳውን እንድታጠቡ ያስገድዳችኋል። አንዳንድ ካሜራዎች ውስጣቸው ኤንዲ ፊልተር አላቸው፤ ለሌንሱ እንደ ፀሐይ መነጽር ነው፣ ሜኑ ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ከሌለ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። እኔ ፊልተር ቢኖረኝም ጥላውን እመርጣለሁ፤ ፊት ላይ የሚወርደው ብርሃን ለስላሳ ይሆናል፣ ዓይንም አይጨፈንም። በተለይ ሰውየው የጥላው ዳር ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ሲያዞር፣ ከኋላው ያለው ጥላ ይጨልምና ፊቱ ብቻውን ተነጥሎ ይወጣል። ጨለማ ባክግራውንድ ላይ ብዥታው ያነሰ ቢሆንም አይታወቅም።

ብርሃን ሲያንስ ደግሞ የሹተር ፍጥነቱን ተከታተሉ። ረጋ ብሎ ለቆመ ሰው ከ1/125፣ ለሚንቀሳቀስ ልጅ ከ1/250 በታች ከወረደ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ። የካሜራው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የተነሺውን መንቀሳቀስ አያቆምም።

ደረጃ 6፦ ከፊት ያለውንም ብዥ ማድረግ

ይህን ዘዴ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ አሁን ግን ሳልጠቀምበት የማልፍበት ቀን ጥቂት ነው። ከሰውየው ኋላ ያለ ነገር ምንም ያህል ቢርቅ ብዥታው ከቀዳዳው ስፋት አያልፍም። ከፊቱ ያለ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም። በካሜራውና በሰውየው መሐል ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ቅጠል ሙሉውን የቀዳዳ ስፋት ያህል ይደበዝዛል። ለካሜራው ቀርቦ የመንገዱ አንድ አራተኛ ላይ ከሆነ ሦስት እጥፍ ይደበዝዛል፤ 9.2 የነበረው 27.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትልቁ ካሜራ ከኋላ የሚያገኘውን እኛ ከፊት አገኘነው ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሌንሱን ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከመጋረጃ ጫፍ ወይም ከበር መቃን አጠገብ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አስጠጉት፤ ነገሩ የፍሬሙን አንድ ጥግ ብቻ እንዲሸፍን አድርጉ፣ ፊቱን ግን አይንካ። ካሜራው ቅጠሉን ፎከስ እንዳያደርግ ነጥቧን ዓይን ላይ ማሳረፍ እዚህ ላይ ግዴታ ነው። አንዱ ጥግ በለስላሳ ቀለም ሲሸፈን፣ መሐል ላይ ያለው ፊት ይበልጥ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ከኋላ ያለውም ትንሽ ብዥታ ጎደሎነቱ አይታወቅም።

ሙሉ ቁመት የግድ ከሆነ

ራያን ብሬኒዘር የተባለው የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ባስለመደውና በስሙ በሚጠራው ዘዴ፣ ሰፊ ትዕይንት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዙም እየተቆራረጠ ይነሳና በኮምፒውተር ይገጣጠማል። በዙም የሚገኘውን ሰፊ ቀዳዳ እንደያዛችሁ ሰፊ ፍሬም ታገኛላችሁ። ፎከሱንና የብርሃኑን መጠን ቆልፉ፤ አስቀድማችሁ ሰውየውን አንስታችሁ ጨርሱ፣ ምክንያቱም መንቀሳቀሱ አይቀርም። ቀጥሎ ዙሪያውን እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሦስተኛ ያህል እንዲደራረብ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ለመገጣጠም ሁጂን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ነው።

በኋላ በሶፍትዌር ብዥታ መጨመርም ይቻላል፤ ስናፕሲድ ላይ «ሌንስ ብለር» የሚል መሣሪያ አለ። የሚበላሸው ሁልጊዜ ፀጉር ዳር ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ፀጉር ከባክግራውንዱ ጋር አብሮ ይታጠባል። በሌንስ የተገኘ ብዥታ ላይ ጥቂት ብትጨምሩ ማንም አያውቅባችሁም፤ ጥርት ባለ ባክግራውንድ ላይ ከባዶ ብትሠሩት ግን መቀስ የገባበት ይመስላል።

ሰውየውን ከማሰናበታችሁ በፊት የመጨረሻውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አጉሉና የዓይን ሽፋሽፍቱን ፈልጉ። አንድ በአንድ ከተለዩ ጨርሳችኋል። ካልተለዩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ጠርታችሁት ድጋሚ አንሱት፤ ባክግራውንዱም አብሮ ይርቅላችኋል።